ሳንነካው የሚሠራው ስልክ፦ የቤተሰቦቻችን ዳታና ባትሪ የት ይሄዳል?

በዚህ እትም የማነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። ጠረጴዛ ላይ ወይም ትራስ ሥር ተቀምጦ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ማንም ሳይነካው ስለሚያድር ስልክ ነው። «ዝም ብሎ ተቀምጧል» እንለዋለን እንጂ ስልክ ዝም አይልም። ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ከአንቴናው ጋር ያወራል፣ ፎቶ ያወርዳል፣ ማስታወቂያ ያድሳል፣ «አለሁ» እያለ መልእክት ይልካል። ይህ ሁሉ ባትሪ ይበላል፣ ዳታ ይበላል፣ ኔትወርኩንም ያጨናንቃል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አገር ቤት ያሉ ወላጆቻችንና ዘመዶቻችን «ሳልነካው ዳታዬ አለቀ፤ ሳልደውልበት ባትሪው ሞተ» ሲሉን፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ወይ ለኔትወርኩ ወይ ለእነሱ ቴክኖሎጂ አለመልመድ እንሰጣለን። እኔ ግን ውጭ ያለነው ልጆቻቸውም ድርሻ አለን እላለሁ። የምንልከው ቪዲዮ፣ የምንገዛላቸው ስልክ፣ አንዳንዶቻችንም የምንሠራው አፕ በነገሩ ውስጥ አለበት። ድርሻ ካለን ደግሞ ከፊሉን ማስተካከል በእጃችን ነው ማለት ነው።

እዚህና እዚያ

እዚህ ያለን ተማሪዎች ይህ ችግር የማይታየን ስለማይነካን ነው። በየሕንፃው ዋይፋይ አለ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በየጠረጴዛው ሶኬት አለ። የስልክ ክፍያችን በአብዛኛው በወር የተቆረጠ ስለሆነ ስልካችን ሌሊቱን ሁለት ጊጋባይት ሲያወርድ ቢያድር ጠዋት ከኪሳችን የሚጎድል ነገር የለም።

አገር ቤት ግን ዳታ እንደ ዘይትና ስኳር ተለክቶ የሚገዛ ነገር ነው። የቀን፣ የሳምንት፣ የወር ፓኬጅ አለ፤ ሜጋባይቱ ሲያልቅ ኢንተርኔቱም አለቀ። መብራት ይጠፋል፤ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም። ስልኩ ብዙ ጊዜ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ወይም ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የሄደ፣ ባትሪው ያረጀ ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሲም ጋር ሁለተኛ ሲም የያዘ ሰው ጥቂት አይደለም። ሁለት ሲም የገባበት ስልክ ደግሞ ሁለት ኔትወርክ ማዳመጥ አለበት።

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። «ልጄ፣ ይቺን ስልክ እስቲ እያት። ካርድ እሞላለሁ፣ ሳልነካው ያልቃል። ይበሉብኛል መሰለኝ» አለችኝ። ሴቲንጉን ከፍቼ የትኛው አፕ ምን ያህል ዳታ እንደወሰደ አየሁ። አንደኛው የቤተሰብ ግሩፕ ያለበት የመልእክት አፕ ነበር። ሁለተኛው ከስልኩ ጋር ተጭኖ የመጣ፣ አንድም ቀን ከፍታው የማታውቀው የዜና አፕ ነበር። ካርዷን የበላባት ሰው አልነበረም፤ እጇ ላይ ያለው ስልክ ራሱ ነበር።

እሷ ያገኘችው መፍትሔ ዳታውን ዘግቶ መዋል ነው። ሞኝነት አይደለም፤ ያላት ምርጫ እሱ ብቻ ነበር። ነገር ግን ጅዳ ያለችው ልጇ የምትደውለው በኢንተርኔት ነው፤ ያውም አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ በምታገኛት አንዲት ሰዓት። ዳታው ዝግ ሲሆን ጥሪው አይገባም። እናትና ልጅ ድምፅ ለድምፅ ሳይሰማሙ ሳምንት ሊያልፍ ይችላል። ስለ ባትሪና ስለ ሜጋባይት ስጽፍ የማስበው ይህንን ነው።

ስልኩ ተኝቶ ምን ይሠራል?

ነገሩን ለመረዳት የግቢ ዘበኛን አስቡ። ሌሊት ሰው ካልመጣ ጋቢውን ተከናንቦ ያሸልባል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ጆሮውን ቀና አድርጎ ያዳምጣል። ስልክም እንዲሁ ነው። ሥራ ሲያጣ ሬዲዮውን አጥፍቶ ያሸልብና በየአንድ ሁለት ሴኮንዱ ለቅጽበት ነቅቶ «የሚፈልገኝ አለ?» ብሎ ያዳምጣል። ይህ ማዳመጥ የሚፈጀው ባትሪ ትንሽ ነው። ስልኩ በዚህ ሁኔታ ብቻ ቢያድር ጠዋት የሚጎድልበት እምብዛም ነው።

ችግሩ የሚጀምረው በሩ ሲንኳኳ ነው። አንድ አፕ «ከሰርቨሬ ጋር አገናኘኝ» ሲል ስልኩ ይነቃል፣ አንቴናውን መስመር ይጠይቃል፣ መስመር ይሰጠዋል፣ መልእክቱ ይሄዳል፣ መልስ ይመጣል። መልእክቱ ራሱ ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ዘበኛው ግን ወዲያው ተመልሶ አይተኛም። «ምናልባት ሌላ ሰው ይከተል ይሆናል» ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በ4ጂ ኔትወርክ ይህ ጥበቃ አሥር ሴኮንድ ያህል መሆኑ የተለመደ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሬዲዮው በርቶ፣ ምንም ሳይልክና ሳይቀበል ባትሪ ይበላል። በሙያው ይህ ትርፍ ጊዜ «ጅራት» ይባላል። ለአጫጭር መልእክቶች ጅራቱ ከአካሉ ይረዝማል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ አፕ በየአምስት ደቂቃው አንዲት አጭር መልእክት ቢልክ በቀን 288 ጊዜ ይሆናል። በእያንዳንዱ ሬዲዮው አሥር ሴኮንድ ቢነቃ 2,880 ሴኮንድ፣ ማለትም 48 ደቂቃ ነው። የተላከው መረጃ ግን ሁሉም ተደምሮ አንድ ጥሩ ፎቶ አያክልም። እንዲህ ያሉ አሥር አፖች ቢኖሩና እያንዳንዱ በየራሱ ሰዓት ቢያንኳኳ ደግሞ ሬዲዮው በቀን ስምንት ሰዓት ነቅቶ ይውላል። ባለቤቱ ስልኩን አልነካውም።

አፖቹ ለምን ያንኳኳሉ? አንዳንዱ ምክንያት እውነተኛ ነው። የሞባይል ኔትወርክ አንድን የኢንተርኔት አድራሻ ለብዙ ስልኮች የሚያካፍሉ መሣሪያዎች አሉት። እነዚህ መሣሪያዎች ለጥቂት ደቂቃ ድምፁ የጠፋን ግንኙነት «ሄዷል» ብለው ሊዘጉት ይችላሉ። ስለዚህ የመልእክትና የጥሪ አገልግሎት መስመሩ እንዳይዘጋበት በየጊዜው «አለሁ» ማለት አለበት፤ ያለዚያ ጥሪ አይገባም። ሌላው ምክንያት ግን ለባለቤቱ ምንም የማይጠቅም ነው። ማንም የማያየውን ማስታወቂያ ማደስ፣ ማንም የማያነበውን ዜና ማውረድ፣ ባለቤቱ የት እንደዋለ መከታተል ከዚህ ይቆጠራል።

የሲግናል ነገር ደግሞ አለ። ከሩቅ የሚነጋገር ሰው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ሁሉ ከአንቴና የራቀ ስልክም እንዲሰማ የማስተላለፊያ ኃይሉን ይጨምራል። ሲግናሉ ከጠፋበት ደግሞ ኔትወርክ ፍለጋ ደጋግሞ ይባዝናል። ስለዚህ ያው ስልክ፣ ያው አፕ፣ ከተማ መካከል ካለው ይልቅ ከከተማ ራቅ ባለ መንደር ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። መብራት የሚቸግርበት ቦታም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

ነገሩ የአክስቴ ስልክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ወደ 2,000 የሚጠጉ የሳምሰንግ ጋላክሲ ስልኮችን አጥንተው ነበር። በቀን ከሚያልቀው ባትሪ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስክሪኑ ጠፍቶ ሳለ የሚያልቅ መሆኑን አገኙ።

ድር ቢያብር

ኔትወርክ ተጨናነቀ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሰው ሁሉ ቪዲዮ ሲያይ ነው። ያ አንዱ ዓይነት መጨናነቅ ነው፤ መንገዱ በመኪና ሲሞላ ማለት ነው። ብዙ የማይወራለት ሌላ ዓይነት አለ። የቀበሌ ጽሕፈት ቤት አስቡ። አዳራሹ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ መስኮቱ ላይ ያለችው መዝጋቢ ግን አንዲት ናት። ትልቅ ዶሴ ተሸክሞ የመጣውም፣ አንዲት ቃል ጠይቆ ሊሄድ የመጣውም እኩል ተራ ይይዛል፣ እኩል ይመዘገባል። ስልክም መስመር በጠየቀ ቁጥር ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ምን መስመር እንደሚሰጠው ከኔትወርኩ ጋር በርካታ የመቆጣጠሪያ መልእክቶች ይለዋወጣል። ይህ ምዝገባ ለአንድ ሙሉ ፊልምም፣ ለአንዲት «አለሁ»ም ያው ነው።

በአንድ አንቴና ሥር አንድ ሺህ ስልክ ቢኖርና እያንዳንዱ በየአምስት ደቂቃው አንድ ጊዜ ቢያንኳኳ በደቂቃ 200 ምዝገባ ይመጣል። ማንም ሳይደውል፣ ማንም ሳያነብ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እዚህም የሚያስረው የድሩ ብዛት ነው።

ይህ የሆነባቸው ትልልቅ ከተሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ለንደን ውስጥ የኦቱ ኔትወርክ አይፎን ሲበዛበት ተቸገረ፤ በዓመቱ መጨረሻ የኩባንያው ኃላፊ ደንበኞቹን ይቅርታ ጠየቀ። በጊዜው ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ የሚገርም ነው። ስልኮቹ ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ያንን ጅራት ይቆርጡት ነበር። ሥራቸውን እንደጨረሱ መስመሩን ዘግተው ይተኛሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ እንደገና መስመር ይጠይቃሉ። ዘበኛው እንቅልፉን አገኘ፤ መዝጋቢዋ ግን ፋታ አጣች። ለባትሪ የበጀው ለኔትወርኩ መከራ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በጥር 25 ቀን 2012 ደግሞ ተራው የቶኪዮ ነበር። የጃፓኑ ኤንቲቲ ዶኮሞ ኔትወርክ ለሰዓታት ተናጋ፤ ችግሩ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞችን ነካ። ኩባንያው ምክንያቱን ሲያስረዳ አዲስ የተተከለው መሣሪያ ከተገመተለት በላይ የመቆጣጠሪያ መልእክት እንደመጣበት፣ ለዚህም የጥሪና የመልእክት አፖች መብዛት አስተዋጽኦ እንዳደረገ ተናገረ። በቴክኖሎጂ ከዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ይህን ያህል ካስቸገረው፣ አንድ አንቴና ብዙ መንደር በሚያገለግልበት አገር ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያስቸግርም።

እኛን ምን አገባን?

እዚህ ሆነን የምንልከውን ነገር እናስብ። ዋሽንግተን በበጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኛ አቆጣጠር ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ከትምህርትና ከሥራ ተመልሰን፣ እራት በልተን፣ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ የምንለጥፈው ሁሉ የሚደርሰው ቤተሰብ ተኝቶ ሳለ ነው። የልደት ቪዲዮ፣ የምረቃ ፎቶ፣ ከሌላ ግሩፕ የመጣ ቀልድ፣ የመልካም በዓል ምስል። ተቀባዩ አልነቃም፤ ስልኩ ግን ነቅቶ ያወርዳል። ሃያ ሜጋባይት የሆነች አንዲት ቪዲዮ አርባ ሰው ባለበት ግሩፕ ላይ ብትለጠፍና የሁሉም ስልክ በራሱ እንዲያወርድ ቢተው 800 ሜጋባይት ትሆናለች። እኛ የላክነው አንድ ጊዜ ነው። የከፈሉት ግን አርባ ሰዎች ናቸው።

ይህን የምለው አትላኩ ለማለት አይደለም። የልጅ ልጇን ስትድኽ ያየች አያት የምታገኘው ደስታ በሜጋባይት አይለካም። የምለው ቪዲዮውን ለማውረድ የምትወስነው አያት ትሁን እንጂ ስልኩ አይሁን ነው።

አገር ቤት ብዙ ሰው ዳታ እየከፈተና እየዘጋ ነው የሚጠቀመው። ጠዋት ዳታው ሲከፈት ሌሊቱን የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። ሰውዬው የፈለገው አንድ የባንክ መልእክት ማየት ወይም ለልጁ መደወል ነበር። ስልኩ ግን መጀመሪያ ቀልዱን፣ ምስሉን፣ ማሻሻያውን፣ ማስታወቂያውን ይጎትታል። በአንድ ሰፈር ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት ዳታውን ሲከፍት ደግሞ ጎርፉ የሰፈሩ አንቴና ላይ ይወርዳል። «ኔትወርክ የለም» የምንባለው ሁልጊዜ ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም፤ አንዳንዴ ማንም ያልጠየቀው ነገር መንገዱን ይዞት ነው።

«ይህ የኩባንያዎቹ ሥራ ነው» ለሚሉ

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሣ የሚመጣው መልስ «ስልክ የሚሠሩትና ኔትወርክ የሚዘረጉት ያስተካክሉት» የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት አለው፤ ብዙ አስተካክለዋልና።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2009፣ ጎግል በ2010 አፖች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የመልእክት ማድረሻ አገልግሎት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ አፕ የራሱን በር እያንኳኳ «መልእክት አለኝ?» ማለት አያስፈልገውም። ስልኩ አንድ መስመር ብቻ ይይዛል፤ ለየትኛውም አፕ የመጣ መልእክት በዚያው ይገባል። በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6 ደግሞ ስልኩ ቻርጅ ላይ ካልሆነ፣ ስክሪኑ ከጠፋና ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ የአፖቹን ሥራ አቆይቶ በየተወሰነ ጊዜ አንድ ላይ እንዲሠሩ ያደርጋል። አሥር ሰው አሥር ጊዜ በሩን ከሚያንኳኳ፣ ተሰብስቦ አንድ ጊዜ እንዲገባ ማለት ነው። ኔትወርኮችም ከለንደኑ ዓይነት ችግር ተምረው በንቃትና በእንቅልፍ መካከል ያለ የማሸለቢያ ሁኔታ አበጅተዋል፤ 5ጂ ይህን ይዞ ነው የመጣው።

ታዲያ ችግሩ ለምን አላለቀም? ሦስት ምክንያት አያለሁ። አንደኛ፣ እነዚህ ማሻሻያዎች የሚሠሩት አፑን የሠራው ሰው በአግባቡ ሲጠቀምባቸው ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ አፖች ሲጫኑ «ከባትሪ ቁጠባ ነፃ አድርገኝ» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ እናቶቻችን ከፊታቸው ዞር እንዲል ብቻ «እሺ» ይሉታል። ሦስተኛ፣ የትኛውም ኩባንያ የአክስቴን ፓኬጅ መጠን አያውቅም። ስልኩን የሠሩት ሰዎች ተጠቃሚው ማታ ቻርጅ ላይ ሰክቶ፣ ዋይፋይ ላይ አድርጎ እንደሚተኛ አድርገው የሚያስቡ ይመስላል። ይህ እዚህ ያለነውን ይገልጸናል፤ እነሱን አይገልጻቸውም።

በተለምዶ ስለሚነገሩ ሁለት መፍትሔዎችም ልናገር። አንዱ አፖችን በጣት እየጠረጉ መዝጋት ነው። የምንጠቀምበትን አፕ በዘጋን ቁጥር በሚቀጥለው ጊዜ ከባዶ ይነሣል፤ ከባዶ መነሣት ደግሞ አቆይቶ ከመቀጠል የበለጠ ባትሪ ይፈልጋል። ሌላው «ባትሪ ቆጣቢ» ወይም «ስልክ ማጽጃ» የሚባሉ አፖችን መጫን ነው። ብዙዎቹ ራሳቸው ማስታወቂያ የሚያሳዩ፣ ከበስተጀርባ ነቅተው የሚውሉ ናቸው። ሌባ እንዲጠብቅ ሌባ መቅጠር ይሆናል።

ምን እናድርግ?

ዓላማው ስልኩን ማፈን አይደለም። አንዳንድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ የጥሪውን አፕ ጭምር ይገድሉታል፤ ያኔ ከጅዳም ከቤይሩትም የሚመጣው ጥሪ ይቀራል። ባትሪው ሞልቶ ጥሪው ካልገባ ምን ዋጋ አለው? ዓላማው ማን ማንኳኳት እንደሚፈቀድለት ባለቤቱ እንዲመርጥ ነው። በዚህ ክረምት ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ለእያንዳንዱ ስልክ ሩብ ሰዓት ብትመድቡ የሚከተለውን ማድረግ ትችላላችሁ። የማትሄዱም በቪዲዮ ጥሪ እያሳያችሁ ታናናሾቻችሁን ማሠራት ትችላላችሁ።

1. በቴሌግራምና በዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ የዳታና የማከማቻ ክፍሉን ከፍታችሁ፣ በሞባይል ዳታ ጊዜ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዲወርድ የሚያደርገውን አጥፉ። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ሲነካ ብቻ ነው። ከሁሉ የበለጠ ለውጥ የምታዩት በዚህ ነው።

2. በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀሙን እዩ። ባለቤቱ የማይከፍተው አፕ ዳታ እየወሰደ ከሆነ አጥፉት፤ የማይጠፋ ከሆነ ከበስተጀርባ ዳታ እንዳይጠቀም ከልክሉት።

3. ቤተሰብ የሚደዋወልበትን አንድ አፕ ምረጡ፤ ኢሞም ይሁን ዋትስአፕ። እሱን ብቻ ከባትሪ ቁጠባ ነፃ አድርጉት። ሌሎቹ ይተኙ።

4. የአፕ ማሻሻያና የፎቶ ማስቀመጫ በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አድርጉ።

5. 4ጂ እየመጣ እየሄደ በሚያስቸግርበት ቦታ ስልኩን በ3ጂ እንዲቆይ አድርጋችሁ ሞክሩት። የተረጋጋ 3ጂ ከሚባዝን 4ጂ ይሻላል።

ሥራችሁ ውጤት ማምጣቱን የምታውቁበት መንገድ ቀላል ነው፤ እኔ «የአንድ ሌሊት ፈተና» እለዋለሁ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የባትሪውን መጠንና የቀረውን ዳታ ጻፉ። ዋይፋዩን አጥፉ፣ ሞባይል ዳታውን ክፍት ተዉት፣ ስልኩን ቻርጅ ሳታደርጉ አሳድሩት። ጠዋት ልዩነቱን እዩ። ማንም ሳይነካው ባትሪው ከአሥር በመቶ በላይ ከጎደለ ወይም ዳታው በሚታይ መጠን ከቀነሰ አሁንም የሚያንኳኳ አለ ማለት ነው፤ ተመልሳችሁ ፈልጉት።

ይህን ፈተና ለቤተሰብ ስልክ ብቻ አላቀርበውም። ከመካከላችን ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግ የምንማር፣ ለአገራችን ሰው የሚሆን አፕ የምንሠራ ብዙ ነን፤ የቀን መቁጠሪያ፣ የዕድር መዋጮ መከታተያ፣ የገበያ ዋጋ ማሳያ፣ የቋንቋ ማስተማሪያ። አፑን የምንሞክረው ግን በዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ፣ ባዲስ ስልክ ላይ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን በሚያዘጋጃቸው የአፕ ውድድሮች ላይ አንድ ደንብ እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ፦ የአንድ ሌሊት ፈተናን ያላለፈ አፕ አይሸለም።

ለማለፍ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አፑ በየአምስት ደቂቃው ሰርቨሩን «አዲስ ነገር አለ?» እያለ አይጠይቅ፤ አዲስ ነገር ሲኖር በጋራው የመልእክት ማድረሻ ይነገረው። የማያስቸኩል ሥራ ተጠራቅሞ ስልኩ ቻርጅ ላይ ወይም ዋይፋይ ላይ ሲሆን ይሠራ። ሁሉም ስልክ በእኩለ ሌሊት አንድ ላይ እንዲያድስ አይታዘዝ፤ ሰዓቱ ይበታተን። ከሁሉም በላይ ግንኙነት ሲቋረጥ አፑ ወዲያው ወዲያው ደጋግሞ አይሞክር፤ በእያንዳንዱ ሙከራ የሚጠብቀውን ጊዜ ያራዝም። ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስ በሺህ የሚቆጠር ስልክ በአንድ ሴኮንድ በሩን ቢመታ፣ የተነሣው ኔትወርክ ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል። እዚህ አገር ይህ የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ነው፤ አገር ቤት ግን ኔትወርክ ሄዶ በተመለሰ ቁጥር የሚፈተን ነገር ነው።

ከመጻሕፍት የምንማረው ሁሉ አገር ቤት ምን ይጠቅማል ብለን ብዙ ጊዜ እንጠይቃለን። ይህኛው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ምረቃ መጠበቅም አያስፈልገውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እያንዳንዳችን የአንድ ቤተሰብ ስልኮችን ብናስተካክል፣ ከኛ መካከል አፕ የሚሠሩት ደግሞ የሚሠሩትን አፕ ዝም እንዲል ቢያስተምሩት፣ የሚተርፈው ሜጋባይት ለሚፈለገው ጥሪ ይውላል።

የሚቀጥለው የቤተሰብ ጥሪያችሁ ላይ ከ«ደኅና ናችሁ?» ቀጥላችሁ «ዳታችሁስ ሳትነኩት ያልቃል?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። መልሱን ለመጽሔቱ ብትጽፉ ለሚቀጥለው እትም ተሰብስቦ ይወጣል። ቸር ይግጠመን።